ሽመላ በደቅ ሰማይ ላይ

ምላሴ ክፉ ነው። ባሕር ዳር ውስጥ የሚያውቀኝ ሁሉ ስለሚነግራችሁ ቀድሜ ብናገረው ይሻላል። ሥራዬ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ ጥራት መቆጣጠር ነው። የተሸመነው ጨርቅ በፊቴ ሲያልፍ ጉድፉን ፈልጌ አወጣለሁ። ቤት ስገባም ዓይኔ ጉድፍ መፈለጉን፣ አፌ መናገሩን አይተውም። ባሌ ምናሴ ይህን ሁሉ ችሎ ኖሯል። እኔ እናገራለሁ፣ እሱ ይስቃል፤ ትዳራችን እንዲህ ነበር።

ባለፈው ክረምት ምናሴ ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ፈሰሰ። ከሆስፒታል ሲወጣ ቀኝ እጁ ሰንፎ፣ ንግግሩ ጠፍቶ ነው የወጣው። ጠፍቶ ስል ደግሞ ዲዳ ሆነ ማለቴ አይደለም። ቢሆን ይሻለኝ ነበር! የሰማውን ይደግማል። «ምሳ ላቅርብልህ?» ስለው፣ ዓይን ዓይኔን እያየ፣ ጥርት ባለ ድምፅ «ምሳ ላቅርብልህ» ይላል። «ራስህን ያምሃል?» ስለው «ራስህን ያምሃል» ይለኛል። መጀመሪያ ሰሞን የሚቀልድብኝ መስሎኝ «አንተ ሰውዬ፣ አታብግነኝ!» ብዬ ጮኽሁበት። «አንተ ሰውዬ፣ አታብግነኝ» አለኝ። ያን ቀን ጓዳ ገብቼ አለቀስሁ።

ከአፌ የወጣው ሁሉ ዞሮ በሱ አፍ ስለሚመጣብኝ ቀስ በቀስ ቁጣውን ተውሁት። ምን ላድርግ? ራሴን በራሴ መስደብ ሆነብኝ እኮ። አንድ ቀን እንዲያውም ጸጉሬን ተሠርቼ መጣሁና ፊቱ ቆሜ «ዛሬ አምሮብሻል» አልሁት። «ዛሬ አምሮብሻል» አለኝ። ደስ አለኝ፤ አልዋሽም። ከዚያ እኔው የሰጠሁትን መልሼ መቀበሌ ትዝ አለኝና ደስታዬ እንደ ጉም በነነ።

የንግግር ሕክምና የምትሰጠው ሐኪም ወጣት ናት፤ ሥርጉት ትባላለች። አታባብልም፤ ለዚህ ነው የወደድኋት። «እትዬ ወለላ» አለችኝ፣ «መድገም መናገር አይደለም። እስካሁን የሰማሁት ሌላ ሰው የሰጠውን ቃል ነው። ማንም ያልሰጠውን፣ ከራሱ ልብ የወጣ አንድ ቃል ቢናገር ተስፋ አለኝ። አንድ ቃል ይበቃኛል።»

«ባይናገርስ?» አልኋት።

«እንዲሁ ሆነው የሚቀሩ አሉ» አለች።

ከዚያ ወዲያ ሥራዬ ያቺን አንድ ቃል መጠበቅ ሆነ። ሻይ ሲጠጣ አፉን አያለሁ። ጎረቤት መጥቶ ሲስቅ የምናሴን አፍ አያለሁ። ተኝቶ እንኳ ሲቃዥ ጆሮዬን አስጠጋለሁ። ምንም የለም። የኔ ምናሴ እዚያ ውስጥ ይኑር አይኑር ማወቅ አቃተኝ፤ ከሱ የሚወጣው ሁሌ የኔው ድምፅ ነዋ።

አሁን ስለ አውሮፕላኑ ልንገራችሁ። ምናሴ ኮሌጅ ኤሌክትሪክ ያስተምር ነበር። ሌላው ጡረተኛ ዘንባባ ሥር ተቀምጦ ጋዜጣ ያነባል፤ የኔው ግን ኮምፒውተር ላይ አውሮፕላን ያበርራል። ጨዋታ ነው፤ እሱ ፊት ግን ጨዋታ ካላችሁት ይቀየማል። የእጅ መሪ አለው፣ የእግር ፔዳል አለው፣ ማይክሮፎን አለው። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ደግሞ በኢንተርኔት የሚገናኙ ማኅበርተኞች አሉት። ሁሉም በየቤታቸው ተቀምጠው አንድ ሰማይ ላይ ያበርራሉ፤ አንዷ የአየር ተቆጣጣሪ ሆና «ውጣ፣ ውረድ፣ ጠብቅ፣ እረፍ» እያለች ታዛቸዋለች። እውነተኞቹ አብራሪዎች በእንግሊዝኛ ነው የሚነጋገሩት፤ እነዚህ ግን በአማርኛ ነው። ለየአውሮፕላናቸውም ስም አውጥተዋል። የምናሴ ሽመላ ይባላል። ጤነኛ ሳለ ስንቴ «አንተ ሽማግሌ፣ ውረድና እራት ብላ!» ብዬዋለሁ። ከታመመ በኋላ ማሽኑን በነጠላ ሸፈንሁት። ማየቱ አስጠላኝ።

ተቆጣጣሪዋ ሐፍሳ ናት። ድሮ ምናሴ ያስተማራት ልጅ ስትሆን አሁን እዚያው ኮሌጅ ታስተምራለች። ልትጠይቀው መጥታ ያመጣችውን ፍራፍሬ አስቀመጠችና ሳትቀመጥ «እትዬ ወለላ፣ ቅዳሜ መምህርን ማሽኑ ላይ ያስቀምጡልኝ» አለችኝ።

ደሜ ፈላ። «አንቺ ልጅ፣ ልብ የለሽም? ውሃ ጠማኝ ማለት የማይችል ሰው ነው በሰው ፊት መሳቂያ የምታደርጊው?»

«ማን ይስቅበታል? እኛ ዘንድ እኮ መድገም ግዴታ ነው» አለች። «ተቆጣጣሪው አንድ ነገር ሲያዝ አብራሪው ያንኑ ቃል በቃል መልሶ መናገር አለበት። ካልደገመ እንዳልሰማ ነው የሚቆጠረው። እዚህ በሽታ ያላችሁት እኛ ዘንድ ሕግ ነው።»

«ሕግ ነው» አለ ምናሴ ከሶፋው ላይ።

ሳቄ መጣ፤ ሳቄን ተከትሎ ዕንባዬ መጣ። እሺ አልኋት። ምን ይቀርብኛል?

ቅዳሜ ደረሰ። ነጠላውን አነሣሁ፣ አቧራውን ጠረግሁ፣ ምናሴን ደግፌ ወንበሩ ላይ አስቀመጥሁት። ጠረጴዛው ላይ ያለውን ማይክሮፎንና ድምፅ ማጉያ ሐፍሳ በስልክ እየነገረችኝ አበራሁ። ግራ እጁ ያለማንም እርዳታ ተነሥቶ መሪውን ያዘ። እኔ እንዲህ ያዝ አላልሁትም። ከጎንደር ተነሣ። አስፋልቱ ወደኋላ ሸሸ፣ ጣራው ሁሉ አነሰ፣ ተራራው ዝቅ አለ። እኔ ወገቤን ይዤ ከኋላው ቆሜያለሁ፤ ሲያቅተው «በቃ፣ ተነሥ» ለማለት እየተዘጋጀሁ።

ጥቂት ቆይቶ ሐይቁ ብቅ አለ።

ወይ ጉድ! ዕድሜዬን የጨረስሁት ሐይቁ ዳር ነው። የማውቀው ግን ዳሩን ነው፤ ደንገሉን፣ እምቦጩን፣ ጀልባ የሚያስሩበትን፣ ዓሣ የሚበሉ ሰዎች የሚቀመጡበትን። ሙሉውን አንድ ቀን አይቼው አላውቅም። እንዲህ ሰፊ ነው እንዴ? የፀሐዩ ብርሃን በላዩ ተነጥፎ፣ ደሴቶቹ አንድ በአንድ እየወጡ፣ መጨረሻው ከሰማይ ጋር ተገጣጥሞ! በኮምፒውተር የተሠራ ሥዕል መሆኑን አውቃለሁ። ቢሆንም ቁጭ አልሁ። ይህ ሰውዬ በየቅዳሜው ይህን ሲያይ ነው ለካ «እራት ብላ» እያልሁ የምጮህበት።

በዚህ መሀል የሐፍሳ ድምፅ በማጉያው መጣ። የመጣው እቤቴ ፍራፍሬ ይዛ የመጣችው ልጅ ድምፅ አልነበረም። ቁጥብና የማያወላዳ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አስማማው የሚባል የባንክ ሠራተኛ፣ ሲያሳርፍ አንድ ቀን ተሳክቶለት የማያውቅ፣ ባሕር ዳር መንደርደሪያ መሀል ላይ ጎማ አፈንድቶ ቆሟል። አንዴ ጠቅ አድርጎ አውሮፕላኑን ቢያጠፋው ይጠፋል። ሐፍሳ ግን እንዲህ ያለ ማጭበርበር አትወድም። ተጎታች መጥቶ እስኪያነሣው መንደርደሪያው ዝግ ነው አለች። ስለዚህ የሚመጣው ሁሉ ሐይቁ ላይ ይጠብቃል።

«ሽመላ፤ ከደቅ በስተምሥራቅ ጥበቃ፣ ዙር በቀኝ፣ ከፍታ ስምንት ሺህ» አለች።

«ሽመላ፤ ከደቅ በስተምሥራቅ ጥበቃ፣ ዙር በቀኝ፣ ከፍታ ስምንት ሺህ» አለ ምናሴ። አንዲት ቃል አላጎደለም።

«ትክክል ነው፣ ሽመላ።»

«ትክክል ነው፣ ሽመላ» አለ። ይህኛውን መድገም አልነበረበትም፤ ግን ማንም አልሳቀም። ባለቤቴ ከታመመ ጀምሮ የተናገረው ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ ትክክል ነው ተባለ።

አውሮፕላን እንደ ሰው በር ላይ ቆሞ አይጠብቅም። ከቆመ ይወድቃል። ስለዚህ ጠብቅ የተባለ አብራሪ በአንድ ቦታ ላይ ይዞራል፤ ጥቂት ቀጥ ብሎ ይሄዳል፣ ይታጠፋል፣ ተመልሶ ይመጣል፣ ደግሞ ይታጠፋል፤ ና እስኪባል ድረስ። የምናሴ መዞሪያ ደቅ ደሴት ናት። ከፊት ለፊታችን አረንጓዴዋ ደሴት እየቀረበች፣ እየሰፋች መጣች። ሐፍሳ ያለችው በቀኝ ነው። እኔም በቀኝ ሲታጠፍ ለማየት ጓጉቻለሁ።

ደቅ ላይ ሲደርስ በግራ ታጠፈ።

«በቀኝ ነው ያለችህ!» ብዬ ጮኽሁ።

«በቀኝ ነው ያለችህ» አለ አፉ። እጁ ግን መሪውን ወደ ግራ እንዳጋደለ ነው። ሐይቁ በመስኮቱ በኩል ዘንበል አለ።

«ምናሴ፣ በቀኝ! በቀኝ!»

«በቀኝ፣ በቀኝ» እያለ በግራ ሄደ። አበቃ፣ ቃሉን እንጂ ነገሩን አልሰማም አልሁ። ተነሥቼ ማሽኑን ላጠፋው እጄን ስዘረጋ ሐፍሳ «ሽመላ፣ አገባብዎ ትክክል ነው» አለች።

«ምኑ ነው ትክክል?» አልሁ ወደ ማይክሮፎኑ ጎንበስ ብዬ። «በግራ እኮ ነው የሄደው!»

«እትዬ ወለላ፣ ይተዉት!» አለች። «ዙሩ በቀኝ ነው። ከሰሜን የመጣ ሰው ግን ወደዚህ ዙር የሚገባው መጀመሪያ በግራ ታጥፎ፣ ትንሽ ሄዶ፣ በግራ ተመልሶ ነው። ከዚያ በኋላ ነው በቀኝ መዞር የሚጀምረው። እስቲ ይዩት።»

«አንቺ ነግረሽው ነው?»

«አልነገርሁትም። ትዕዛዙ ውስጥ የለም። ከየት በኩል እንደመጣ አይቶ አብራሪው ራሱ ማሰብ አለበት።»

አየሁት። ትንሽ ወደ ምሥራቅ ሄደ፣ በግራ ተመለሰ፣ ደቅ ላይ ደረሰ። ከዚያ እጁ መሪውን ዝግ ብሎ ወደ ቀኝ አጋደለው። እንዳለችው። ማንም ሳይነግረው።

እጄን በአፌ ጫንሁ። አፉ የኔን ቃል ይዞ በቀኝ በቀኝ ሲል፣ እሱ ከኋላው ቁጭ ብሎ የራሱን ነገር ያስብ ነበር። ከሰሜን እንደመጣ ያውቃል። ደቅ የት እንደሆነች ያውቃል። ንፋሱ ሲገፋው የአውሮፕላኑን አፍንጫ ወደ ንፋሱ ያዞራል። ሰውየው አለ! በስመ አብ! ያን ሁሉ ወር አንዲት ቃል ስጠብቅ እሱ እዚያ ውስጥ ተቀምጦ ነበር። ጀርባውን አየሁት፤ ትከሻው አንዱ ከአንዱ ዝቅ ብሏል፣ ጸጉሩ ከኋላ መቆረጥ አለበት። እንደ አዲስ ሰው ሆነብኝ።

አንድ ዙር ዞረ፣ ሁለተኛ ዞረ። እኔም ዓይኔን ሳልነቅል አብሬው ዞርሁ።

ቀጥሎ ሐፍሳ ሌላ ነገር አመጣች። አሁን ሳስበው ሆን ብላ ይመስለኛል። «ሽመላ፣ ነዳጅዎ ለስንት ዙር ይበቃል?»

ወንበሬን ሳብሁና ተጠጋሁት። ይህ ትዕዛዝ አይደለም፤ ጥያቄ ነው። መልሱ ጥያቄው ውስጥ የለም። ከራሱ ማምጣት አለበት። ዓይኑ ወደ ነዳጅ መለኪያው ሄደ፤ በገዛ ዓይኔ አየሁት፣ አንብቦታል። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ።

«ነዳጅዎ ለስንት ዙር ይበቃል» አለ።

ሐፍሳ እንደገና ጠየቀችው። እንደገና መለሰላት፤ ያንኑ። ግንባሩ ላይ ላብ ወጣ። ያውቀዋል እኮ! መልሱ ጉሮሮው ላይ ቆሟል፣ በሩ ግን አልከፈት ብሎታል። እኔ ደግሞ ከአፉ ነጥቄ ልናገርለት ፈለግሁ፤ ግን መለኪያውን ማንበብ አልችልም።

«ይሁን፣ ሽመላ» አለች ሐፍሳ ቀስ ብላ።

«ይሁን፣ ሽመላ» አለ ምናሴ።

ይኸውላችሁ፣ ይህ ቀደም ብሎ ካየሁት ሁሉ የባሰ ነበር። ሰውየው የለም ብዬ ማዘን አንድ ነገር ነው። አለ፣ ያስባል፣ ያውቃል፣ መውጫ ግን የለውም ብዬ ማዘን ሌላ ነው። ትከሻው ላይ እጄን አሳረፍሁ። ምንም ብለው ያንኑ ይመልስልኛል ብዬ ምንም አላልሁትም።

በዚህ ጊዜ ሐጂ ቡርሀን እዚያው ሰማይ ላይ መጡ። የሐፍሳ አባት ናቸው፤ ሐይቁ ዳር ጀልባ ሲሠሩ የኖሩ። ጉልበታቸው እምቢ ካላቸው ወዲህ ልጃቸው በቤታቸው ሌላ ክፍል ኮምፒውተር ፊት አስቀምጣ አብራሪ አድርጋቸዋለች። የአውሮፕላናቸው ስም ጉማሬ ነው፤ አንዴ አስፋልቱን ስተው ውሃው ላይ ስላረፉ የወጣላቸው ነው አሉ።

«ጉማሬ፤ ከደቅ በስተምሥራቅ ጥበቃ፣ ዙር በቀኝ፣ ከሽመላ በላይ፣ ከፍታ ዘጠኝ ሺህ» አለች ልጃቸው።

«ቢስሚላህ። እሺ ልጄ፤ ደቅ፣ በቀኝ፣ ዘጠኝ ሺህ» አሉ። «ከታቼ ያለው ምናሴ ነው እንዴ? ምናሴ! እንዴት ዋልህ? ተሻለህ ወይ? ወለላ ደህና ናት?»

«ጉማሬ፣ በዚህ መስመር ወሬ አይወራም!»

«ሰላምታ ወሬ ነው?»

«ሰላምታ ወሬ ነው» አለ ምናሴ።

ሐጂ ከት ብለው ሳቁ። እኔም ልስቅ ፈለግሁ፤ አልወጣልኝም። ሁለቱ ሽማግሌዎች አንዱ ከላይ አንዱ ከታች ሐይቁ ላይ ይዞሩ ጀመር። ምናሴ ሲታጠፍ የሐጂ አውሮፕላን በላያችን ታልፋለች፤ ክንፏ ሲያጋድል ፀሐይ ያርፍበታል። ታች ደቅ አለች፣ ማሳዎቿ፣ ዛፎቿ፣ ዳር ዳሯን ውሃው። ሁለት የታመሙ ሰዎች፣ አንዱ በጉልበቱ አንዱ በምላሱ፣ እንዲህ ያለ ቦታ ላይ! ልቤ አዝኖም ዓይኔ ከዚያ አልነቀል አለ።

ጥቂት ቆይቶ ሐጂ «ሐፍሳ፣ ምነው ቆየሽ? አዛን ተባለ እኮ» አሉ።

«አባባ፣ ተነሥተው መሄድ ይችላሉ» አለች። ተናድዳ ጉማሬ ማለቱንም ረሳችው።

«አውሮፕላን አየር ላይ ጥዬ? መንገደኛ ጭኜ? እንዴት ያለ ነገር ነው የምትዪው! ሳላሳርፍ የትም አልሄድም።»

«እንግዲያው ተራዎን ይጠብቁ። ከታች ያለው ነው የሚቀድመው።»

ወዲያው መንደርደሪያው ተከፈተ። አስማማው ተጎትቶ ወጣ። ሐፍሳ ጉሮሮዋን ጠረገችና «ሽመላ፤ ከጥበቃ ውጣ፣ መንደርደሪያው ክፍት ነው፣ ለማረፍ ቅረብ» አለች።

ምናሴ ዝም አለ።

ጠበቅሁ። ሐፍሳም ጠበቀች። አውሮፕላኑ ቀጥ ብሎ ወደ ደቅ ይሄዳል፣ ምናሴ ከፊቱ ያለውን ያያል፣ አፉ አልተከፈተም። እሷ እንደገና አዘዘችው። አሁንም ዝም። ቆሌዬ ተገፈፈ። ምንም ይሁን ምን ይህ ሰው የሰማውን ሳይደግም ቀርቶ አያውቅም። መድገሙም ሄደ ማለት ነው! ደሙ ዳግመኛ ፈሰሰ እንዴ? ይህን ሁሉ ያመጣሁበት እኔ ነኝ፣ ማሽኑ ላይ ያስቀመጥሁት እኔ ነኝ። ፊቱን ለማየት ዞሬ በጎኑ ቆምሁ። አልገረጣም። አፉም አልተጣመመም። ከንፈሩ ግን ይሠራል፤ ከባድ ነገር እንደሚያነሣ ሰው የአንገቱ ሥር ቆሟል።

«ሽመላ፣ ይሰማሉ?» አለች ሐፍሳ።

«ሐጂ…» አለ ምናሴ።

አየር ሳብ አደረገ።

«ሐጂ ይቅደሙ።»

እኔ ጨርቅ መርማሪ ነኝ። እንደ ሥራዬ መጀመሪያ የመጣልኝ ጉድፍ ፍለጋ ነው። ማን አለው? ይህን ቃል ማን ሰጠው? ሐፍሳ ውጣ፣ ቅረብ ነው ያለችው። ቅድም «የሚቀድመው» ብላለች፤ ያለችው ግን ከታች ያለው ይቀድማል ብላ ነው፣ እሱ ደግሞ ገልብጦ ከላይ ያሉት ይቅደሙ አለ። ሐጂም ልቅደም አላሉም። እኔ ትንፍሽ አላልሁም። ከላይም ከታችም አገላበጥሁት፣ ጉድፍ አጣሁበት።

«ምን አሉ? ሽመላ፣ ይድገሙልኝ» አለች ሐፍሳ።

«ይቅደሙ» አለ። ቆመ። ደግሞ ታገለ። «ሶላት… አለባቸው።»

ሶላት! ሐጂ አዛን ነው ያሉት፤ ሶላት የምትል ቃል ከማንም አፍ አልወጣችም። እሱ ሰምቶ፣ አስቦ፣ የሰውየውን ነገር ተረድቶ፣ ከገዛ ልቡ አውጥቶ ሰጣት። ከነምክንያቱ!

መጀመሪያ የተናገሩት ሐጂ ናቸው፤ እሳቸው ደግሞ የገባቸው ነገር የለም። «ወላሂ አልቀድምም!» አሉ። «የታመመ ሰው አየር ላይ ትቼ? እንዴት ተደርጎ? ቅደም፣ ምናሴ!»

«አይሆንም» አለ ምናሴ።

«ቅደም እልሃለሁ! ተራው ያንተ ነው!»

«አይሆንም። ታላቄ… ነዎት።»

«ኧረ በአላህ! እኔ ምን ቸገረኝ፣ እዞራለሁ!»

«እኔም… እዞራለሁ።»

«ስሙ!» አለች ሐፍሳ። እየሳቀች ነው እያለቀሰች መለየት አይቻልም። «ይህ እኮ አየር ነው! የሠርግ ቤት በር አይደለም! እሳቸው ከላይ ናቸው፣ እርስዎ ከታች ነዎት፣ በምን ቀዳዳ ላሳልፋቸው? ተራ የሚሰጠው ተቆጣጣሪ ነው፣ አብራሪ ለአብራሪ አይሰጥም፣ መምህር፣ ይህን እኮ ያስተማሩኝ እርስዎ…» ከዚያ በላይ አልቻለችም። ሲቃ ያዛት። ከግድግዳው ማዶ ሐጂ «ሐፍሳ! ምን ሆንሽ?» ሲሉ በሷ ማይክሮፎን ተሰማ።

ያን ያህል ነው የቻልሁት። ከሆዴ ፈንቅሎ ወጣ። እልልልል አልሁ! አቀለጥሁት! ውጭ ያለው ውሻ ጮኸ፣ ጎረቤት በሩን ከፈተ፣ እኔ እልል አልሁ። «ምናሴ! ምናሴዬ! ተናገርህ እኮ! ተናገርህ! አፈር ስሆን!» እያልሁ ጭንቅላቱን ይዤ ግንባሩን ሳምሁት፣ ጆሮውን ሳምሁት። የሱን መድገም ጠበቅሁ፤ «ተናገርህ» ይለኛል ብዬ። አላለም። ሐፍሳ በዚያች የሲቃ ድምፅዋ አንድ ነገር ታዛለች፤ ሽመላ እያለች ከፍታ ትቆጥራለች፣ ለሐጂ መንገድ እያበጀች መሆኗ ነው። በኔ እልልታ መሀል አንድም አይሰማም።

ምናሴ ያን የሰነፈ ቀኝ እጁን ከጭኑ ላይ አነሣው። ሲንቀጠቀጥ መጥቶ ክንዴን ያዘኝ። ዞሮ አየኝ።

«ወለላ» አለኝ።

ሐጂ ስሜን ካነሡ ቆይቷል፤ አሁን ማንም አልጠራለትም።

«ወለላ… ዝም በይ። ልስማ።»

ዝም አልሁ። ዕንባዬን እንኳ ድምፅ እንዳያወጣ ዋጥሁት። ሐፍሳ ከመጀመሪያው ጀምራ ደገመችለት፤ እሱም እስክትጨርስ አዳመጣት፣ ደቅ ላይ ሲደርስም ለሌላ ዙር በቀኝ ታጠፈ።